«ዲመር» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ፦ ከየት መጣ፣ ምን ይላል፣ እንዴትስ እንጠቀምበት

በእንግሊዝኛ አለመስማማትን የሚገልጹ ግሦች ብዙ ናቸው። ከሁሉም አብልጦ ሰው የሚስተው ግን «ዲመር» የሚባለውን ነው። ፊደሎቹ ዲ፣ ኢ፣ ኤም፣ ዩ፣ አር ናቸው። መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ብታዩ «ተቃወመ» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። ስህተት አይደለም። ግን ይህቺን ፍቺ ብቻ ይዛችሁ ንባብ ከገባችሁ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ አይገባችሁም፣ ሲብስም ተገልብጦ ይገባችኋል፤ ባለሥልጣኑ ጥያቄውን ሳይመልስ በፈገግታ ባለፈበት ቦታ እናንተ «በጽኑ ተቃወሙ» ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

ስለዚህ ቃሉን ከሥሩ እንያዘው። ሥሩ ከገባን አጠቃቀሙን መሸምደድ አያስፈልገንም፣ በራሱ ይመጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ትርጉሙ። አንድ ሐሳብ ወይም ጥያቄ ሲቀርብላችሁ፣ ወዲያው «እሺ» ሳትሉ፣ ጠረጴዛ ሳትደበድቡም፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ «እንዲህ እንኳ አይመስለኝም» ካላችሁ፣ ዲመር አደረጋችሁ ይባላል። በውስጡ ሁለት ነገር አለ፦ አለመስማማት አለ፣ ማቅማማት አለ። ሁለቱ አብረው ካልተገኙ ቃሉ ቦታው አይደለም። ጮኾ የተቃወመ ሰው ዲመር አላደረገም። ዝም ብሎ የተስማማም አላደረገም።

እኛ ቤት ይህ ነገር በየቀኑ አለ። እንግዳ ሆናችሁ ሄዳችሁ ሳህናችሁ ላይ ሁለተኛ እንጀራ ሲዘረጋ «ኧረ በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ» ትላላችሁ። ባለቤቷ «በሞቴ! ምኑን በላኸው?» ትላለች። እናንተም እጃችሁን ሳህኑ ላይ ከለል አድርጋችሁ «አይ፣ እውነቴን ነው» ትላላችሁ። በእንግሊዝኛ ያንን ትዕይንት የሚተርክ ጸሐፊ ለእናንተ የሚመርጠው ግሥ ይኸው ዲመር ነው። እምቢ አላላችሁም፣ እሺም አላላችሁም፣ ይሉኝታም ጥጋብም ተደባልቀው ትንሽ ጊዜ ገዛችሁ። በኋላ ብትበሉም ባትበሉም ቃሉ ግድ የለውም፤ የሚገልጸው መሐል ላይ ያለችውን ማንገራገር ነው።

አሁን ወደ ምንጩ እንሂድ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

በላቲን «ሞራ» የሚባል ስም አለ፣ ትርጉሙ መዘግየት ነው። ከእሱ «ሞራሪ» የሚል ግሥ ተገኘ፦ ዘገየ፣ ቆየ። «ዴ» የምትለዋን ቅጥያ ከፊቱ ሲያስገቡ «ዴሞራሪ» ሆነ። ይህ ወደ ድሮው ፈረንሳይኛ «ደሞሬ» ሆኖ ገባ። ዛሬም ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው «ደመሬ» ሲባል ቆየ፣ ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ «ደመር» ደግሞ መኖሪያ ቤት ነው። (በፊደላችን ሲጻፍ የእኛን «ደመረ» ይመስላል እንጂ ምንም ዝምድና የላቸውም።) ልብ በሉ፣ እስካሁን አለመስማማት የሚባል ነገር የለም። ያለው መቆየት ብቻ ነው።

በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸውን ይዘው መጡ። ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም በእነሱ ቋንቋ ይሠራ ጀመር። ቃሉም በዚያው መንገድ ወደ እንግሊዝኛ ገባ፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛም ትርጉሙ ያው መቆየት፣ መዘግየት ነበር። «እዚያ ከተማ ዲመር አደረገ» ቢባል ሰነበተ ማለት ነው። ይህ ትርጉም ዛሬ ሞቷል፣ በትልልቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን «የድሮ» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ታገኙታላችሁ።

ታዲያ ከመቆየት ወደ አለመስማማት እንዴት ተሻገረ? በፍርድ ቤት በር በኩል ነው።

የእንግሊዝ ጠበቆች ለረጅም ዘመን የሚከራከሩትና የሚጽፉት ዛሬ «የሕግ ፈረንሳይኛ» በሚባለው ቋንቋ ነበር። በ1362 ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ፣ ባለሙያዎቹ ግን የለመዱትን ቃል አልለቀቁም፤ በሕግ ሥራ ሁሉ እንግሊዝኛን ግዴታ ያደረገው ሕግ እስኪወጣ እስከ 1730ዎቹ ድረስ የፈረንሳይኛው ርዝራዥ አብሯቸው ቆየ። በዚህ ቋንቋ ውስጥ አንድ ብልህ የመከላከያ ዘዴ ነበር። ከሳሽ «ይህን አደረገኝ፣ ያን አደረገኝ» ብሎ ክሱን ያቀርባል። ተከሳሽ ደግሞ «አላደረግሁም» ማለት ይችላል። ወይም ሌላ መንገድ አለው፦ «እሺ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው እንበል፤ እውነት ቢሆንም እኮ ሕጉ በዚህ አያስጠይቀኝም። ስለዚህ ወደ ፍሬ ነገሩ አልገባም፤ ዳኛው በሕጉ ላይ እስኪወስን እዚችው ላይ እቆማለሁ» ይላል። በላቲን መዝገብ ላይ «ዴሞራቱር ኢን ሌጌ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፦ በሕጉ ላይ ይቆያል።

አያችሁ? ተከሳሹ የሚያደርገው መቆም ነው። ወደፊት አልራመድም ማለት ነው። ግን ፍርድ ቤት ውስጥ ወደፊት አልራመድም ማለት ራሱ ተቃውሞ ነው። ቃሉ የተሻገረባት ድልድይ ይቺ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጠበቃ ያልሆነውም ሰው ቃሉን ይዞ «በዚህ ሐሳብ ላይ ዲመር አደርጋለሁ» ማለት ጀመረ። የመቆየቱ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ዲመር የሚያደርግ ሰው አሁንም እየቆመ ነው የሚቃወመው።

ይህን ካወቃችሁ የቃሉ ዘመዶች አንድ በአንድ ይመጡላችኋል። ብድር ወይም ቅጣት ለጊዜው ሲቆም «ሞራቶሪየም» ይባላል፤ ያው «ሞራ» ነው። ከሁሉም ግን አገራችን ውስጥ በደንብ የሚታወቀው ሌላው ዘመድ ነው፦ ዲመሬጅ።

አዲስ አበባ ላይ አንድ አስመጪ ወይም ትራንዚተር አግኝታችሁ ዲመሬጅ ምንድን ነው ብትሉት እንግሊዝኛውን ከመምህር የበለጠ ያስረዳችኋል። ከኪሱ ከፍሎበታላ። መርከብ ተከራይታችሁ ዕቃ ስታስጭኑ ወይም ስታራግፉ በውሉ ላይ የተፈቀደላችሁ ጊዜ አለ፣ «ሌይታይም» ይባላል። ያ ጊዜ ካለፈና መርከቧ ገና በእናንተ ምክንያት ከቆመች ለባለ መርከቡ በቀን ይህን ያህል እየተባለ ይቆጠራል። ያ ክፍያ ዲመሬጅ ነው፣ የማቆያ ገንዘብ። በመርከብ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች «አንዴ ዲመሬጅ ውስጥ የገባ ሁልጊዜም ዲመሬጅ ውስጥ ነው» የሚሉት አባባል አላቸው፤ ማለትም ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የተፈቀደው ጊዜ አንዴ ካለቀ እሑድና በዓል እንኳ ሳይቀነስ ይቆጥራል። በኮንቴነር ንግድም ነገሩ ያው ነው፦ ነጻ ቀናት ይሰጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ኮንቴነሩ ወደቡ ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ሒሳቡ ይሮጣል። ከወደብ ወጥቶ ባዶው ኮንቴነር ሳይመለስ ከዘገየ ደግሞ ክፍያው «ዲቴንሽን» የሚል ሌላ ስም አለው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

የእኛ ገቢ ዕቃ ከ1998ቱ የኤርትራ ጦርነት ወዲህ አሰብን ትቶ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሆነ፣ ባንክ ሰነዱን እስኪለቅ፣ ዲክላራሲዮን እስኪሞላ፣ የጭነት መኪና እስኪገኝ፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ድረስ ያለችው እያንዳንዷ ቀን ዋጋ አላት። እንግዲህ ነጋዴው በዶላር የሚከፍልባት «ዲመሬጅ» እና በጋዜጣ የምታነቧት «ዲመር» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንደኛዋ መርከብ ስትዘገይ፣ ሌላኛዋ «እሺ» ስትዘገይ።

የሕጉን ዘመድ በቶሎ ላልፈው አልፈልግም፣ ምክንያቱም በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችንና ለፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች በቀጥታ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ያ የድሮ መከላከያ «ዲመረር» ይባላል። እንግሊዝ ራሷ በፍትሐ ብሔር ክርክር ላይ በ1883 አስቀርታዋለች። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በ1938 አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ ሲያወጡ ትተውት «ክሱ ይሰረዝልኝ» በሚል አቤቱታ ተኩት። ግን እንደ ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ ባሉ ግዛቶች ፍርድ ቤት ዛሬም ሕያው ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ የደረሰው ሰው በመደበኛው 30 ቀን አለው፤ በዚያ ውስጥ መልስ ይሰጣል ወይም ዲመረር ያስገባል።

እዚህ ላይ አስተርጓሚ ከሆናችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ዳኛው ዲመረሩን «ሰስቴይንድ» ካሉ ተቀበሉት ማለት ነው፣ ስለዚህ የተጠቀመው ተከሳሹ ነው። «ኦቨርሩልድ» ካሉ ውድቅ ሆነ፣ ክሱ ይቀጥላል። ተቀበሉት ሲባል ግን ሁሌም ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከሳሹ ክሱን አሻሽሎ እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል። ደንበኛችሁ «አሸነፍን» ብሎ ከመጨፈሩ በፊት ይህቺን የኋላ ሐረግ ሳትቆርጡ ተርጉሙለት። ሌላው፣ ዲመረር ያስገባ ሰው «የከሰሰኝ ነገር እውነት ነው» ብሎ አምኗል ማለት አይደለም። «እውነት ነው እንበል» ያለው ለክርክሩ ያህል ብቻ ነው። ይህንን ልዩነት በአማርኛ ስትሉት ድምፃችሁ እንኳ ሊጠነቀቅለት ይገባል፣ «አመነ» የሚል ቃል ከአፋችሁ እንዳይወጣ።

ለአገር ቤት የሕግ ሰው ለማስረዳት ከፈለጋችሁ ቅርቡ «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» የምንለው ነው፣ በ1965ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 244 ላይ ያለው። ልክ አንድ አይደሉም። የእኛው «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም»፣ «በይርጋ ቀርቷል»፣ «ቀድሞ የተፈረደ ነው» የሚሉትን ይይዛል፤ የዲመረር እምብርት ግን «ክሱ የክስ ምክንያት የለውም» ከምንለው ጋር ነው የሚገጥመው። የሁለቱም መንፈስ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳልገባ እዚህ በሩ ላይ እንነጋገር ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ይህን የላቲን ሥር ሳያውቀው አልቀረም። የ1960ውን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፣ ያረቀቁትም በፈረንሳይኛ ነው። አንቀጽ 1772 «ውሉ አልተፈጸመልኝም ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ግዴታውን እንዲወጣ ማስጠንቀቂያ ስጠው» ይላል። ከዚህ ማስጠንቀቂያ ጀርባ ያለው የፈረንሳይ ሕግ ስም «ሚዝ አን ደመር» ነው፦ በቃል በቃሉ፣ ሰውየውን መዘግየት ውስጥ ማስገባት። ለባለዕዳ ማስጠንቀቂያ የጻፈ ጠበቃ ሁሉ ሳያስበው ከዚህ ቃል ጋር ሠርቷል።

ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ።

አነባበቡ፦ ጉልበቱ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ነው። «ዲ» ላላ ትላለች፣ «መር» ትጠነክራለች። ቤት የሚመታው «እሷን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ኸር» ጋር ነው። አሜሪካኖች መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ይሏታል፣ እንግሊዞች ይውጧታል። ጉልበቱ መጨረሻ ላይ ስላረፈም ለኃላፊ ጊዜ ሲጻፍ አር የምትለው ፊደል ሁለት ትሆናለች፣ «ዲመርድ» ይባላል። «ዲመሪንግ» ሲባልም እንዲሁ። «ሪፈርድ» እና «ኦከርድ» ሲጻፉ የምታውቁት ደንብ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም።

የማይሻገር ግሥ ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በእኛ ቋንቋ «ሐሳቡን ተቃወመ» ስለምንል በእንግሊዝኛም «ዕቅዱን ዲመር አደረገ» ብለን ተሳቢውን በቀጥታ መለጠፍ ይቀናናል። አይሆንም። መስተዋድድ ይፈልጋል። በብዛት የሚከተለው «አት» ነው፤ «ሺ ዲመርድ አት ዘ ፕራይስ» ቢባል ዋጋው ላይ አንገራገረች ማለት ነው። «ቱ»ም ይመጣል፣ በተለይ በሕግ ጽሑፍ። ብቻውን መቆምም ይችላል፣ እንዲያውም የሚያምረው ብቻውን ሲቆም ነው፦ «ሂ ዲመርድ» ይሉና ነጥብ ያደርጋሉ። ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ደግሞ ከንግግር በኋላ ያስገቡታል። አንዱ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ይለዋል፣ ሌላው «ኧረ ዕድል ነው» ይላል፣ ከጥቅሱ በኋላ ዲመርድ ትከተላለች። ሙገሳን በትሕትና መመለስም ዲመር ነውና።

ስምም ይሆናል። ግን እንደ ስም የሚገኘው ባብዛኛው በአንድ ሐረግ ውስጥ ነው፣ «ዊዝአውት ዲመር»። ይቺን ሐረግ አማርኛ እንዲያውም በአንድ ቃል ይላታል፦ ሳያንገራግር። «ሥራውን ሳያንገራግር ተቀበለ።» «ሳያቅማማ ፈረመ።» ድርጊቱን ለመሰየም ሲፈልጉ ደግሞ «ዲመራል» ይላሉ፣ ከበድ ያለ ጽሑፍ ውስጥ ነው የምታገኙት። «ዲመረር»ን ለዚህ አትጠቀሙበት፣ እሱ የፍርድ ቤቱ ነው።

የአሜሪካ የፖለቲካ ዜና ላይ ቃሉ ሦስተኛ መልክ አለው። ጋዜጠኛዋ «ለምርጫ ይወዳደራሉ ወይ?» ትላለች። ሴናተሩ «አሁን ትኩረቴ ሥራዬ ላይ ነው» ይላል። ጋዜጣው ላይ ዲመርድ ተብሎ ይወጣል። ተቃወመ ማለት ነው? የተቃወመው ነገር የለም። መልስ ከመስጠት ተቆጠበ ማለት ነው። እዚህ ቦታ ላይ «ተቃወመ» ብሎ የሚተረጉም የዜና ክፍል ሰውየውን ያላለውን አስባለው። ለዚህ ነው ስለዚህ ቃል እንዲህ የምጨነቀው። አንድ ግሥ ነው፣ ግን የሰውን አቋም ይቀይራል።

ሌላ ተጠንቀቁ የምለው፣ መጨረሻው ላይ ኢ የምትባለዋን ፊደል የጨመረው ጎረቤቱ ነው። ያ ቅጽል ነው፣ «ዲምዩር» ተብሎ ይነበባል፣ ትርጉሙ ጭምት፣ ቁጥብ፣ አደብ ያለው ማለት ነው። በ2024 ቲክቶክ ላይ ዓለምን ያዳረሰው፣ ዲክሽነሪ ዶት ኮምም የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው እሱ ነው እንጂ የእኛ ግሥ አይደለም። በጽሑፍ የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነ ፈረንጆቹም ይሳሳቱበታል። ድምፃቸው ግን ሩቅ ነው፤ በድምፅ ያዙት።

አሁን ከሌሎቹ የአለመስማማት ግሦች ጋር እናስተያየው፣ በዚያ ነው ልኩ የሚታወቀው። «ኦብጀክት» የሚለው ከላቲን «ፊት ለፊት ወረወረ» ከሚል የመጣ ነው። ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «አልስማማም፣ ምክንያቱም» የሚል ሰው እሱን ነው የሚያደርገው። «ፕሮቴስት» ውስጥ ያለው ላቲን «ምስክር» ነው፣ በአደባባይ መሰከረ እንደማለት፤ በ1529 ሽፓየር በተባለችው የጀርመን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ሉተርን የደገፉ መሳፍንትና ከተሞች ያስገቡት የተቃውሞ መግለጫ ነው ለፕሮቴስታንቶች ስማቸውን ያወጣላቸው። «ዲሰንት» ደግሞ ለብቻ አሰበ፣ ለብቻ ተሰማው ማለት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ከብዙኃኑ ተለይታ ስትጽፍ የምትጠቀመው ይህን ነው፣ በእኛ ሰበር ችሎት «የልዩነት ሐሳብ» የሚባለው። እነዚህ ሦስቱ ሁሉ ፊታቸውን ያሳያሉ። ዲመር አያሳይም። ፊቱን በከፊል አዙሮ፣ እግሩን ሳያነሳ ይቆማል።

ስለዚህ ስትጽፉ ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦ ሰውየው አቋሙን በግልጽ ተናግሯል? ከተናገረ ኦብጀክት። በአደባባይ፣ በጩኸት፣ በሰልፍ ነው? ፕሮቴስት። ውሳኔው ተላልፎ እሱ ግን በጽሑፍ ተለየ? ዲሰንት። አልስማማም የሚለው ነገር ከቃሉ ይልቅ በመዘግየቱ፣ በለሰለሰ አነጋገሩ፣ «እስቲ እናያለን» በማለቱ ነው የታወቀው? ዲመር ማለት ያኔ ነው። በቁጣ የተሞላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ዲመርን ብታስገቡት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጆሮው ላይ ይሰነቀራል። «በንዴት ዲመር አደረገ» አይባልም። «በትሕትና»፣ «በዝግታ» ከሚሉት ተውሳከ ግሦች ጋር ግን ይስማማል።

ወደ አማርኛ ስትመልሱት ደግሞ አንድ ቋሚ ቃል አትፈልጉለት፣ እንደ ቦታው ነው። ለተቃውሞው ሲያደላ አንገራገረ። ለማመንታቱ ሲያደላ አቅማማ። ዜና ላይ መልስ ሲሸሽ ከመናገር ተቆጠበ። ሙገሳ ሲመልስ «ኧረ አይደለም» አለ። ግብዣ ላይ ሲሆን ተግደረደረ፤ ይቺ መግደርደር የምትለዋ ቃል በነገራችን ላይ ለእንጀራው ትዕይንት እንደተሰፋች ናት፣ እንግሊዝኛ ራሱ ያን ያህል የጠበበ ቃል የለውም። የፍርድ ቤቱን ግን እንዲህ አትበትኑት፤ «መቃወሚያ» ብላችሁ አንድ ቦታ ላይ አስሩት፣ መዝገብ ውስጥ ወጥነት ያስፈልጋል።

የቀረኝ የሥራ ቦታው ነው። በእንግሊዝኛ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰዎች «ዲመር አደርጋለሁ» ብለው አይናገሩም፣ ዝም ብለው ያደርጉታል። ቃሉን ማወቅ ያለባችሁ ድርጊቱን ስታዩት እንድታውቁት ነው። ሐሳብ አቅርባችሁ አለቃችሁ «ካን ዊ ካም ባክ ቱ ዚስ?» (በኋላ ብንመለስበትስ?) ካለ፣ ወይም «አይም ኖት ሹር ዊ አር ዜር የት» (ገና እዚያ የደረስን አይመስለኝም) ካለ፣ አማርኛችን «ቆይተን እናየዋለን» ብሎ ቃል እንደገባልን አድርገን እንሰማዋለን፤ እሱ ግን ተቃውሞውን በመዘግየት ነግሯችኋል። እናንተም ብትሆኑ፣ አዲስ ከሆናችሁበት ቡድን ፊት በቀጥታ «ኖ» ማለት ሲከብዳችሁ እነዚሁን ዓረፍተ ነገሮች መዋስ ትችላላችሁ፣ ማንም አይቀየማችሁም። የተባለላችሁ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። አለቃችሁን በፈገግታ «መቼ ብንመለስበት ይሻላል?» በሉት። ቀን ከሰጣችሁ እውነትም ለማሰብ ነው። ቀን ካልሰጣችሁ መልሱን ይዛችሁ ሐሳቡን አስተካክሉ፣ ወይም ምን እንዳልተመቸው በግል ገብታችሁ ጠይቁት።